የደሜን ቁጥር ለእኔ ንገሩኝ

መርዕድ በቁጣ የሚታወቅ ሰው አልነበረም። አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ፣ ከኋላው ያ ሁሉ ልጅ እየጮኸና ብርቱካን እየተወራወረ፣ አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሲብስበት አውቶቡሱን ዳር አስይዞ ሞተሩን ያጠፋና በመስተዋቱ እያያቸው ይቀመጣል። ልጆቹ አንድ በአንድ ጸጥ ይላሉ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ሚስቱ የዓለምዘርፍ በዚህ ትዕግሥቱ ትበሽቅ ነበር። «ይናደድ አይናደድ እንኳ የማይታወቅ ሰው አግብቼ» እያለች ለጓደኞቿ ታማዋለች። ከፈረንጆቹ 2014 ወዲህ ግን ይህን ስትል የሰማት የለም።

የሕመሙ ነገር የጀመረው ቀደም ብሎ፣ በፈረንጆቹ 2009 ነው። ለመንጃ ፈቃዱ የጤና ምርመራ የሄደበት ሐኪም፣ ዕድሜህ ወደ ስድሳ እየተጠጋ ነውና ይሄንንም እንይልህ ብሎ ደሙን ወሰደ። ፒ ኤስ ኤ የሚሉት፣ ፕሮስቴት ወደ ደም የሚለቀው ነገር፣ ከሚገባው በላይ ሆኖ ተገኘ። ናሙና ተወሰደ፣ ካንሰር ነው ተባለ፣ ፕሮስቴቱ በቀዶ ጥገና ወጣ። ያን ጊዜ የነገረው ሐኪሙ ራሱ ነበር። ወንበሩን ጎትቶ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጦ፣ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ ነገረው። መርዕድም ሰማ። ጥቂት ቀን ምግብ አስጠላው፤ ከዚያ ኦፕሬሽኑን ገባ፣ አገገመ፣ አውቶቡሱ ላይ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በየስድስት ወሩ ደም ይሰጣል፤ ከክሊኒኩ ይደወልና «ጥሩ ነው» ይባላል። እሱም «ጥሩ ነው» የሚለውን ሰምቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

በ2013 ጥቅምት ላይ ግን ስልኩን ያነሳችው ልጁ ኤፍራታ ነበረች።

ኤፍራታ በዘጠኝ ዓመቷ ከእናቷ ጋር መጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገች፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላት፣ ዊተን አካባቢ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ሪሴፕሽን የምትሠራ ልጅ ነች። የቤቱ ደብዳቤ፣ የቤቱ ኢንሹራንስ፣ የቤቱ ቀጠሮ ሁሉ በእሷ እጅ ነው። ማንም አልሾማትም። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ለወላጆቿ እየተረጎመች ሥራው የእሷ ሆኖ ቀረ። ክሊኒኩም የመርዕድ ስልክ በሥራ ሰዓት ዝግ እየሆነ ሲያስቸግረው የእሷን ቁጥር ይዞ ነበር። ያን ቀን የነገሯት ቁጥሩ መንቀሳቀሱን ነው። ፕሮስቴቱ የወጣለት ሰው ደሙ ውስጥ ፒ ኤስ ኤ ሊገኝ አይገባም። የእሱ ግን መጀመሪያ ዜሮ ነጥብ ሁለት፣ በድጋሚ ሲታይ ዜሮ ነጥብ አራት ሆነ። የሆነ ቦታ የቀረ ነገር እያደገ ነው ማለት ነው።

ኤፍራታ ለእናቷ ነገረቻት። እናትና ልጅ መኪና ውስጥ ሆነው አለቀሱና ተማከሩ። ለመርዕድ እንዲህ ተባለ፦ «አባዬ፣ ኦፕሬሽን ያደረጉ ሰዎች ከተወሰነ ዓመት በኋላ ለጥንቃቄ ጨረር ይወስዳሉ። ያንተም ጊዜ ደርሷል።»

የጨረር ሕክምና ወደምትሰጠው ዶክተር ሲሄዱም ኤፍራታ አብራው ገባች። ነርሷ አስተርጓሚ ይፈለግ እንደሆነ ስትጠይቅ «እኔ አለሁ» አለች። ዶክተሯ ሽበታም፣ ረጋ ያለች ሴት ነች። መርዕድን ፊቱን እያየች ብዙ ተናገረች፣ በወረቀት ላይ ሥዕል ሣለች፣ ቆም እያለች ጠበቀች። ኤፍራታ ወደ አባቷ ዞር ብላ «ስካኑ ላይ ምንም አልታየም፤ ለጥንቃቄ ጨረሩ ይሰጠው ነው የምትለው» አለችው።

«ያን ሁሉ ተናግራ ይቺ ብቻ ነች?»

«እንግሊዝኛ ይረዝማል አባዬ።»

መርዕድ ሳቀ። የአውቶቡስ እንግሊዝኛ አለው። ከሬዲዮው ጋር ይነጋገራል፣ ከልጆቹና ከወላጆቻቸው ጋር ይግባባል። የሐኪም እንግሊዝኛ ግን ሲፈጥን ያመልጠዋል። ልጁ አጠገቡ እስካለች ድረስ ምን አስጨነቀው? ፈረመ።

ጨረሩ በጥር ተጀመረ። መርዕድ ጠዋት ልጆቹን አድርሶ፣ ከሰዓት እስኪመልሳቸው ባለው ክፍት ጊዜ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ወዳለው ማዕከል ይሄዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ሲቀር በየቀኑ። ጨረሩ በሚሰጥበት ሰዓት ፊኛው ሙሉ መሆን አለበት። ስለዚህ ቀድሞ ውኃ ጠጥቶ፣ ሽንቱን ይዞ፣ ጠባቡ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ማሽኑ በዙሪያው እስኪዞር ሳይነቃነቅ ይቆያል። ማሽኑ የቆመ ቀን የሰው ወረፋ ይረዝማል፤ ያኔ እግሩን አቆላልፎ እየተቁነጠነጠ ይጠብቃል። በዚያ ክረምት በረዶ እየጣለ ትምህርት ቤት በተደጋጋሚ ይዘጋ ነበር፤ ሕክምናው ግን አይዘጋም። መንገድ ጠራጊዎቹ ሳይጨርሱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በቤልትዌዩ፣ በቀለበት መንገዱ፣ እየተንፏቀቀ የሄደበት ቀን አለ። «ለጥንቃቄ ነው እንጂ ለበሽታ ቢሆን ምን ላደርግ ነበር» እያለ ይቀልዳል። የዓለምዘርፍ እንዲህ ባለ ቁጥር ወደ ጓዳ ትገባለች።

ሳምንታት ሲያልፉ ድካሙ መጣ። ሽንት ሲሸና ያቃጥለው፣ በየሰዓቱም ያጣድፈው ጀመር። በአራተኛው ሳምንት ደሙን ወሰዱ። ማታ ኤፍራታን ጠየቃት።

«የደሙ ውጤት መጣ?»

«መጥቷል። ጥሩ ነው አባዬ።»

«ስንት ሆነ?»

«ጥሩ ነው አልኩህ እኮ» አለችና ስልኳን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።

በዚያው ሳምንት እሑድ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የክርስትና ድግስ ተጠርተው ሄዱ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ያለቅሳል። መርዕድ ምግብ አንስቶ ወንበር ሲፈልግ ሸዋዓለም መጣች። ሸዋዓለም አናንዴል የምትኖር፣ የዓለምዘርፍ የማኅበር ጓደኛ ነች። ሰው ታመመ ሲባል ቀድማ የምትደርስ፣ ጸሎቷም ወሬዋም የማያልቅ ሴት ነች። ሳህን የያዘ እጁን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«አቶ መርዕድ፣ እንዴት ነዎት? በረቱልኝ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ወይ እርስዎ! እንዴት ያለ ጠንካራ ሰው ነዎት! ጠበል አምጥቼልዎታለሁ፣ መኪና ውስጥ ነው። ሲወጡ እንዳይረሱ።»

«የምን ጠበል?»

«ተመልሶ መጣ ሲሉኝ እኮ እንቅልፍ አጣሁ። እስኪ አሁን፣ ያን ሁሉ ኦፕሬሽን ተሠቃይተው...»

«ምኑ ነው ተመልሶ የመጣው?»

ሸዋዓለም ፊቱን አየች። ከዚያ ዓይኗ የዓለምዘርፍን ፍለጋ ሄደ። «ያው... ሕመሙ... እኔ እኮ የሚያውቁ መስሎኝ...» እጁን ለቀቀችው።

መርዕድ ሳህኑን በአቅራቢያው ካለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። የሕፃኑን አባት «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ሳመው። ለሚስቱ ካፖርቷን አምጥቶ «እንሂድ» አላት። እሷም ለምን አላለችም፤ ሸዋዓለምን ከሩቅ አይታታለች።

ወደ ቤት ሲነዳ ወንዙ ላይ ያለውን ድልድይ ተሻገሩ። ከዚያ ቀኙን መሥመር ይዞ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«በሽታው ተመልሷል?»

«መርዕድ፣ ቤት ስንደርስ...»

«ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም?»

«መንገዱን እያየህ ንዳ።»

«መንገዱን ለእኔ ተይልኝ! ስንት ዓመት የሰው ልጆች ጭኜ ስነዳ ማንንም ገድዬ አላውቅም። የጠየቅኩሽን መልሽ።»

የዓለምዘርፍ ማልቀስ ጀመረች። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ጮኾባት አያውቅም። ለቅሶዋ መልስ ሆነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥቅምት።»

ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። መርዕድ ወሮቹን በሆዱ ቆጠረ። በገና የዓለምዘርፍ የሠራችውን ዶሮ ወጥ ሲበላ ሁሉም ፈገግ እያሉ ያዩት ነበር። ዳግም እንዲበላ ሲጎተጉቱት፣ የሚወዱት ሰዎች አድርጎ ነበር የቆጠራቸው። ለካ እንደ በሽተኛ እያዩት ነው። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ።

ቤት ሲደርሱ ኤፍራታ ሶፋው ላይ ላፕቶፕ አቅፋ ተቀምጣለች። ካፖርቱን ሳያወልቅ ፊቷ ቆመ።

«ባለፈው የተወሰደው ደም ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ዋት ሃፕንድ?» አለች፤ ወደ እናቷ ዞራ።

«ወደ እሷ አትዪ። ቁጥሩን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ዜሮ ፖይንት ሲክስ።»

«ሕክምናው ሲጀመርስ?»

«ፖይንት ፎር።»

«ስለዚህ ጨምሯል። አንቺ ደግሞ ጥሩ ነው አልሽኝ።»

ኤፍራታ ላፕቶፑን ዘጋችው። «አባዬ፣ ኢት ከን ጎ አፕ አ ሊትል። ዶክተሯ አትጨነቂ ብላኛለች። ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። አንተን ለማስጨነቅ አልፈለግኩም። ልጠብቅህ ብዬ ነው።»

«ከማን ነው የምትጠብቂኝ? ከራሴ ደም?»

«ከፍርሃት።»

«ፍርሃቱ የእኔ ነው! እኔ ልፍራው! በየቀኑ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ፣ ሽንቴን ይዤ የምቁነጠነጠው እኔ ነኝ። ለጥንቃቄ ነው ብዬ እየሳቅኩ እሄድ ነበር! ነርሶቹ ምን ብለው ይሆን? ይሄ ሰውዬ ካንሰር አለብህ ሲሉት ይስቃል ብለው ይሆናል!»

የዓለምዘርፍ ጣልቃ ገባች። «ልጅቷን ተዋት። እኔ ነኝ አትንገሪው ያልኳት። ወልደአምላክን አታስታውስም?»

ወልደአምላክ ታላቅ ወንድሟ ነው። አዲስ አበባ ሐኪሙ የጉበት ካንሰር እንዳለበት ፊት ለፊት ሲነግረው ያን ቀን አልጋ ላይ ወደቀ። ምግብ አልቀምስ አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ወር ሳይሞላው ሞተ። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ የገደለው ወሬው ነው ይላል።

«ወልደአምላክን የገደለው ጉበቱ ነው» አለ መርዕድ። «ደግሞስ እኔ ወልደአምላክ ነኝ? በ2009 ሲነገረኝ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ? አልነዳሁም? ቤት አልከፈልኩም? ሠላሳ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ ማን እንደሆንኩ አታውቂም?»

የዓለምዘርፍ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሌላስ ማን ያውቃል? ሸዋዓለም ካወቀች አናንዴል በሙሉ ያውቃል። ቄሱስ?»

«ለጸሎት ብዬ...»

«ወንድይራድስ?» ወንድይራድ አስፐን ሂል የሚኖር የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ኳስ ያያሉ። የዓለምዘርፍ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «አዲስ አበባ ያለችው እህቴስ?»

«ታውቃለች» አለች ኤፍራታ።

ይኸኛው ከሁሉም ባሰበት። እህቱ ከገና በፊት ደውላ፣ ያለ ወትሮዋ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ «መርዕድዬ፣ አገርህን መጥተህ እይ እንጂ» ብላው ነበር። ናፍቆት ነው ብሎ ሲያጽናናት ነበር። በውቅያኖስ ማዶ ያለች ሴት የምታውቀውን የገዛ ሥጋው ነገር እሱ ሳያውቅ አጽናናት። ካፖርቱን እንደለበሰ ወጥቶ በረዶው ላይ ቆመ፤ የጎረቤቱ ሰውዬ አካፋ ይዞ መንገዱን እየጠረገ «አር ዩ ኦኬ?» ሲለው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ኖ» ብሎ መለሰ።

ሰኞ ልጆቹን አድርሶ በቀጥታ ወደ ሕክምናው ሄደ። ሪሴፕሽኗ ፈገግ ብላ ሰላም አለችው።

«ዶክተሯን ማነጋገር እፈልጋለሁ» አለ በእንግሊዝኛ። «የደሜን ውጤት።»

ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየች። «ውጤቱን ለልጅዎ ነግረናታል ሚስተር መርዕድ።»

«የተወሰደው የልጄ ደም ነው?»

«አይደለም፣ ግን ለግንኙነት የተመዘገበችው...»

«ታማሚው ማን ነው? እሷ ነች ወይስ እኔ?» ድምፁ ከፍ አለ። የተቀመጡት ሰዎች ቀና አሉ። «ነገ ጠረጴዛው ላይ እሷ ትተኛ? ጨረሩን ለእሷ ስጧት?»

አንድ ነርስ ከውስጥ ወጥታ ክንዱን ልትይዝ ስትል ፈቀቅ አለ። ሊያረጋጉት ነው፤ መረጋጋት ደግሞ አልፈለገም። ሲረጋጋ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። «ዶክተሯን። አስተርጓሚ አምጡልኝ፤ ቤተሰቤ ያልሆነ።»

ያን ቀን ከጨረሩ በኋላ ትንሿ ክፍል ውስጥ ዶክተሯ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ስልክ ተደርጎ ተከፈተ። የት እንዳለ የማይታወቅ ሰው፣ ጎረምሳ በሚመስል ድምፅ፣ «ጤና ይስጥልኝ፤ እኔ የአማርኛ አስተርጓሚዎ ነኝ። የሚባለውን ሁሉ ሳልጨምርና ሳልቀንስ እተረጉምልዎታለሁ» አለ። መርዕድ «ሳልቀንስ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ወንበሩን ወደ ስልኩ አስጠጋ።

ዶክተሯ ቀስ ብላ ተናገረች። ድምፁም ተከተላት፦ «ከኦፕሬሽኑ በኋላ የፒ ኤስ ኤ መጠን ከፍ ብሏል። ይህም በሽታዎ አገርሽቷል ማለት ነው።»

«ይድገሙልኝ።»

ሰውዬው ለዶክተሯ በእንግሊዝኛ አስተላለፈ፤ ዶክተሯ ደገመች፤ እሱም ደገመ። «በሽታዎ አገርሽቷል።»

አገርሽቷል። ቤቱ ውስጥ ለወራት በየክፍሉ ሲሹለከለክ የኖረ ቃል ነው። የማያውቀው ወጣት ሳይፈራ፣ ሳያለቅስ አወጣው። መርዕድ ደነገጠ፤ መደንገጡንም አልደበቀም። ግን ወንበሩ ላይ ነው ያለው፤ አልወደቀም።

«አሁን የጨመረውስ?» አለ። «ጨረሩ አልሠራም ማለት ነው?»

ዶክተሯ እንደዚያ አይደለም እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። በሕክምናው መሐል የሚወሰድ ቁጥር ለማንበብ ያስቸግራል አለች። አንዳንድ ሰው ላይ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆይቶ ይወርዳል። አንዳንዱ ላይ ወዲያው ይወርዳል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ አይወርድም። ትክክለኛው መልስ የሚታወቀው ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላ፣ በየጊዜው ደሙ እየታየ ነው። ቁጥሩ ገና ትንሽ ሳለ መጀመራቸው ይጠቅመዋል፤ ዕድሉም ጥሩ ነው። ይድናሉ ብላ ግን ቃል ልትገባለት አትችልም።

መርዕድ ሁሉንም ሰማ። ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ ሲያብሰለስለው የነበረውን ጠየቀ። «ይህን ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎታለሁ» ተረጎመ ድምፁ። «የመጀመሪያው ቀን ፊትዎን እያየሁ ነግሬዎታለሁ። ደርሶዎታል ብዬ አምኜ ነበር።»

«ዓይንሽ እኔ ላይ ነበር። ቃሉ ግን የደረሰው ለእሷ ነው። እኔ ያን ጊዜ ገብቶኝ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ምን ተባልክ ብሎ ያስደገመኝ የለም። አንዲት ልጅ አባቷ ካንሰር እንደተመለሰበት በገዛ አፏ እንድትነግረው ትታችሁላት፣ እሷ ፈርታ ዋሸች። ለእሷም አታዝኑላትም? ለሷስ ሰው አይመደብም?»

አስተርጓሚው እስከ መጨረሻው አደረሰ። ዶክተሯ «ልክ ነዎት። ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለች። ክርክር አላነሳችም። መርዕድ ለክርክር ተዘጋጅቶ ስለነበር ቁጣው የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ለአስተርጓሚው «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» አለው፤ ያም በሥራው ሕግ ይሁን በምን ይህንንም ለዶክተሯ በእንግሊዝኛ ተረጎመላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመዝገቡ ላይ የሚደወልበት ስልክ የእሱ ሆነ። ለእህቱ ራሱ ደውሎ «ተመልሶብኛል፣ እየታከምኩ ነው፣ አታልቅሺብኝ» አላት። ወንድይራድን ኳሱ መሐል ላይ «ታውቅ ነበር?» አለው። ወንድይራድ ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳይነቅል «ልጅህ አደራ አለችኝ፣ ምን ላድርግ?» ሲለው ጃኬቱን አንስቶ ወጣ፤ እስከ ፋሲካም ቤቱን አልረገጠም። የሽንቱ ጥድፊያ እየባሰ ሲሄድ አለቃው ዘንድ ገብቶ «ካንሰር አለብኝ፣ ጨረር ላይ ነኝ፣ የልጆች አውቶቡስ ይዤ መንገድ ላይ መቆም አልፈልግም» ብሎ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ፈቃድ ወሰደ። ካንሰር የሚለውን ቃል በገዛ አፉ በእንግሊዝኛ ሲናገር ያ የመጀመሪያው ነበር።

በቤት ግን ኩርፊያው ከረመ። የዓለምዘርፍ ሾርባ ሠርታ ስታቀርብለት «በሽተኛ ስለሆንኩ ነው?» ይላታል። ኤፍራታ ወደ ሕክምናው ልውሰድህ ስትለው ቁልፉን ኪሱ ይከታል። አንድ ቀን ጠዋት መኪናው ድረስ ተከትላው ወጣች።

«አባዬ፣ አይ ዋዝ ስኬርድ» አለችው። «ዶክተሯ ስትናገር አማርኛው ጠፋብኝ። ካንሰሩ ተመልሷል የሚለውን ለአባቴ እንዴት ነው የምለው? አፌ እምቢ አለኝ። ማሚ አትንገሪው ስትለኝ ደስ አለኝ።»

መርዕድ መስኮቱን ዝቅ እንዳደረገ አያት። አሁንም ተናዶባታል። ንዴቱ ግን ወደ እሷ ብቻ እንዳልሆነ ተሰማው፤ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ የትልልቅ ሰዎች ጭነት የጫነባትን ሁሉ፣ ራሱንም ጨምሮ፣ ተናደደበት። «ግቢ፣ ይበርድሻል» አላት። ተሳፈረች። አሌክሳንድሪያ ሲደርሱም ውጭ ጠበቀችው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ከጨረሩ በኋላ የመጀመሪያው ደም ተወሰደ። የተደወለው አውቶቡሶቹ በሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ሆኖ ነው። ነርሷ ስሙንና የልደት ቀኑን ጠይቃ፣ አስተርጓሚ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችው። «ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ፣ ቁጥር እሰማለሁ» አላት። ዜሮ ነጥብ ሦስት። ወርዷል። ስልኩን ኪሱ ከትቶ የአውቶቡሱን ጎማ አየ፣ መብራቶቹን ሞከረ፣ ልጆቹን ሊያመጣ ወጣ።

ማታ ራት ላይ ሁለቱም ዓይን ዓይኑን እያዩ ይጠብቃሉ።

«ደወሉ?» አለች የዓለምዘርፍ።

«ደውለዋል።»

«እና?»

«ጥሩ ነው» አላቸውና መብላቱን ቀጠለ።

«ስንት ነው?» አለች ኤፍራታ።

«ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ።»

ክፉ ነገር ነበር፤ እሱም ያውቃል። ኤፍራታ የቆረሰችውን መልሳ ስታስቀምጥ፣ የዓለምዘርፍ እጇን ከገበታው ስታነሳ እያየ ጥቂት ቆየ። ያሰበውን ያህል ግን አላስደሰተውም። ከተነሱ በኋላ ወጥ ቤት ገብቶ ነገራቸው። የዓለምዘርፍ በእርጥብ እጇ ደረቱን መታችው፣ ከዚያ ግንባሯን እዚያው ላይ ደገፈችው።

ቁጥሩ በመከር ዜሮ ነጥብ አንድ ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት መሣሪያው ከሚያየው በታች ወረደ። ደሙ አሁንም በየጊዜው ይታያል፤ ከፍ አይልም ብሎ የማለለት የለም። መርዕድም መንዳቱን ቀጠለ።

በ2016 በጋ አንድ ቅዳሜ የወንድይራድ ልጅ ብስራት ቤቱ መጣ። ብስራት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ሚስትና ልጅ ያለው፣ ጨዋ ሰው ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ መርዕድ፣ አንድ ሄልፕ ፈልጌ ነው። የዳዲ ደም ውጤት መጥቷል። ፒ ኤስ ኤው ሃይ ነው። ባዮፕሲ ይፈልጋሉ፤ ናሙና ሊወስዱ ነው። እኛ ለጊዜው እንዳይሰማ ወስነናል። እርስዎ አብረውት ቢሄዱ፣ ያው ሩቲን ቼክ ነው ቢሉት... እርስዎን ያምንዎታል።»

መርዕድ መጀመሪያ የሰማውን ማመን አቃተው። ከዚያ ተነሳ።

«ውጣ።»

«ጋሼ...»

«ከቤቴ አላልኩም። መኪና ውስጥ ግባ አልኩህ። አባትህ ጋ እንሄዳለን። አሁን።»

ብስራት መንገዱን ሙሉ ሲለምን ነበር። ግፊት አለበት፣ ብቻውን ነው፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ አይተኛም አለ። መርዕድ መሪውን ጨብጦ «እኔን ልታስዋሹኝ!» ይላል ደጋግሞ። «ከሰው ሁሉ መርጣችሁ እኔን!» አስፐን ሂል ደርሰው ሲገቡ ወንድይራድ ነጠላ ጫማ አድርጎ ኳስ ያያል። መርዕድ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

«ልጅህ የሚነግርህ ነገር አለ።»

ብስራት ቆመ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ቆመ። ከዚያ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ እያላበው ተናገረ። ወንድይራድ ዓይኑን ከልጁ ሳያነሳ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«አሥራ አራት።»

ወንድይራድ ወደ መርዕድ ዞረ። «ያንተ ሲጀመር ስንት ነበር?»

«ሰባት፤ ከኦፕሬሽኑ በፊት።»

«እጥፍ ነዋ!» አለና ልጁ ላይ ጮኸ። «ለመሆኑ መቼ ነው የመጣው ይሄ ውጤት?»

«ላስት ዊክ።»

«ላስት ዊክ! እኔን እያየህ፣ ምሳ እየበላህ ከኔ ጋር!»

ብስራት ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። መርዕድ ለአባትና ለልጅ ቦታ ልልቀቅ ብሎ ወደ በሩ ሲሄድ ወንድይራድ መለሰው። «የት ትሄዳለህ? ይሄ ባዮፕሲ የሚሉት እንዴት ያለ ነገር ነው? ያማል? ተቀመጥና ንገረኝ።»

«ያማል» አለ መርዕድ፤ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።